የእህቴ ልጅ ከላይ የተነሳ ፎቶ ላይ ሰው ሲለይ ነው የሚውለው፤ ለማን እንደሚሠራ ግን አያውቅም

የሶርተሩ ሰው (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጅማ ነው የምኖረው። ቡና ማዘጋጃ ውስጥ የማሽን ቴክኒሻን ነኝ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከርሞ፣ በመጨረሻ በኢንተርኔት የሚሠራ ነገር አገኘ። ፎቶ ይልኩለታል። እሱ ፎቶው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ሣጥን እየሳለበት ስም ይሰጠዋል። መጀመሪያ የመንገድ ፎቶ ነበር። መኪና፣ እግረኛ፣ የትራፊክ መብራት። ያለ ሾፌር ለሚሄድ መኪና ነው ብለውት ስለነበር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ክፍያው በዶላር ነው። እህቴ የቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚሁ ነው።

ከኢድ በኋላ ፎቶዎቹ ተቀየሩ። አሁን ሁሉም ከላይ የተነሱ ናቸው። ከድሮን መሆኑ ያስታውቃል። አንዳንዱ በሙቀት ካሜራ የተነሳ ስለሆነ ሰው ነጭ ነጥብ መስሎ ነው የሚታየው። የሚመርጠው የስም ዝርዝርም ሌላ ሆነ። «ሰው»፣ «የተኛ ሰው»፣ «ዕቃ የያዘ ሰው»፣ «ቀላል ተሽከርካሪ»፣ «ከባድ ተሽከርካሪ»።

አንድ ማታ ቆጪ ሰፈር እነሱ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ሜዳ እያቋረጠ ነው። ትከሻው ላይ ረጅም ነገር አለ። ልጁ «ዕቃ የያዘ» ብሎ ሣጥን ውስጥ አስገባው።

«ምንድን ነው የያዘው?» አልኩት።

«ምን አውቄ አጎቴ! ዱላም ሊሆን ይችላል፣ አካፋም፣ ሌላም። እዚህ ምርጫው ውስጥ ዱላ የሚል የለም» አለኝና ወደሚቀጥለው አለፈ። ለአንድ ፎቶ ጥቂት ሰከንድ ነው ያለው። ከዘገየ ክፍያው ይቀንሳል።

እኛ ዙሪያ ወደ ማናም ሂዱ ወደ ሰቃ፣ ትከሻው ላይ ዱላ ጣል ያላደረገ ገበሬ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ማሽን የምፈራ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ እያየ የሚወስን ማሽን ነው። ኮለር ሶርተር እንለዋለን። ቡናው ከላይ በቦይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ካሜራው እያንዳንዷን ፍሬ ያያል፣ ጥቁር ወይም ብልሽት ከመሰለችው በአየር እፍ ብሎ ወደ ጎን ይጥላታል። ዓይን እስኪጨፈን እንኳን አይፈጅበትም። ማንም መሃል ገብቶ «ቆይ፣ እሷን ተዋት» ሊለው አይችልም።

ውሳኔው ግን የማሽኑ አይደለም፣ የኔ ነው። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ጠበቅ ካደረግኩት ጥቁሩን ሁሉ ያወጣል፣ ጤነኛውንም አብሮ ይጥላል። ላላ ካደረግኩት ጤነኛው ይተርፋል፣ ጥቁሩም አብሮ ያልፋል። ሁለቱንም ጥፋት ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር አላየሁም። የባሰው ደግሞ ለታጠበ የሊሙ ቡና ያስተካከልኩትን ሳልቀይር ደረቅ የጅማ ቡና ስለቅበት ነው። ደረቁ ቀለሙ ወደ ቢጫና ቡኒ ስለሚያደላ፣ ማሽኑ ጤነኛውን እንደ ብልሽት እየቆጠረ ያዘንበዋል። ማሽኑ አልተበላሸም። ያሳየሁት ሌላ ቡና ነው። መስታወቱ አቧራ ሲይዝም እንዲሁ ያደርጋል።

እኛ ጋ ግን የተጣለው አይደፋም። ለቃሚዎቹ ሴቶች ጋ ይሄዳል፤ በእጃቸው በትነው አይተው ጤነኛውን ይመልሱታል። ቦምብ የታሰረበት ማሽን ሲሆን ለቃሚው ማነው?

እና ጥያቄዬ፣ ራሱ ዒላማ መርጦ ራሱ የሚመታ መሣሪያን የሚከለክል ሕግ አለ ወይ? የልጁስ ሥራ ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው? ተወው ልበለው?

ፖለቲካ እንዳታመጡብኝ ደግሞ። እዚህ አገር ድሮን ሲባል ሁሉም በየወገኑ ቆሞ ነው የሚጮኸው። እሱን ሌላ ቦታ።

ጠበቃዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ስለ ሕጉ የማውቀውን ልጻፍልህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በስም ጠቅሶ የሚከለክላቸው ዓለም አቀፍ ስምምነት እስካሁን የለም። ሜዳው ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። በእጅ የሚወረወርም ሆነ ራሱ የሚበር፣ የትኛውም መሣሪያ የጦርነትን ሕግ ማክበር አለበት፤ ሲቪልን ከተዋጊ መለየት አለበት፣ በሲቪሉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከሚገኘው ወታደራዊ ጥቅም መብለጥ የለበትም። የ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 36 ደግሞ አንድ አገር አዲስ መሣሪያ ሲሠራም ሲገዛም ሕጉን የማይጥስ መሆኑን አስቀድሞ እንዲመረምር ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል በ1994 ተቀብላለች።

እዚያው ሰነድ ላይ አንቀጽ 41 አለ። እጁን የሰጠ፣ ወይም ቆስሎ መዋጋት ያቃተው ሰው አይጠቃም ይላል። አሁን የእህትህን ልጅ ዝርዝር ልብ በል። «የተኛ ሰው»። ቆስሎ ነው የተኛው? ደክሞት ነው? አድፍጦ ነው? በሙቀት ካሜራ ሦስቱም አንድ ነጭ ነጥብ ናቸው። እኔን ከ«ዕቃ የያዘ» ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ጄኔቫ ላይ ጉዳዩ ከ2014 ጀምሮ እየተወራበት ነው፣ በ1980ው የመደበኛ ጦር መሣሪያዎች ስምምነት ሥር። በ2019 11 መርሆዎችን አጸደቁ። አንዱ መርህ ተጠያቂነት ወደ ማሽን ሊተላለፍ አይችልም የሚል ነው። ደህና አባባል ነው፣ ግን አያስገድድም። እዚያ ቤት ውሳኔ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማማ ነው፤ አንድ አገር እምቢ ካለ ያበቃል። ስለዚህ ነገሩን ወደ ኒውዮርክ ወሰዱት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2023 መጨረሻ ላይ 152 ለ 4፣ በ2024 ደግሞ 166 ለ 3 በሆነ ድምፅ ስለነዚህ መሣሪያዎች ውሳኔ አሳልፏል። በሁለተኛው ዙር የተቃወሙት ሩሲያ፣ ቤላሩስና ሰሜን ኮሪያ ናቸው። ዋና ጸሐፊው ጉቴሬዝም አስገዳጅ ስምምነቱ እስከ 2026 እንዲያልቅ ጠይቀዋል።

ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2021 ያቀረበውን እመርጣለሁ። የሚያደርሱት ጉዳት አስቀድሞ ሊገመት የማይችሉት ይከልከሉ፤ ሰውን ለመምታት የሚሠሩትም ይከልከሉ፤ የቀሩት በዒላማ ዓይነት፣ በቦታና በጊዜ ይገደቡ ይላል። ሁሉንም አግዱ አይልም። ለዚህ ነው የምወደው።

ኮድ ጸሐፊው

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ መርከቦች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፋላንክስ የሚባል መትረየስ አላቸው። ሚሳይል ሲመጣ ራሱ አይቶ፣ ራሱ ወስኖ ይተኩሳል። የእስራኤሉ ሃርፒም አየር ላይ እየዞረ ይቆይና የራዳር ሞገድ ሲያገኝ ራሱ ይወርድበታል። ዓለም አልጠፋችም።

ሁለተኛ፣ ሰው ስላለበት ብቻ ይሻላል ያለው ማነው? በ2003 የኢራቅ ጦርነት ላይ የአሜሪካ ፓትሪዮት ሚሳይል የወዳጅ አገር የሆነውን የእንግሊዝ ቶርናዶ ጀት መትቶ ውስጡ የነበሩት ሁለት የአየር ኃይል ባልደረቦች ሞተዋል። ሲስተሙ አውሮፕላኑን ራዳር የሚያጠቃ ሚሳይል ነው ብሎ ፈረጀው። ማሽኑ አጠገብ ሰዎች ነበሩ፤ ለመወሰን የነበራቸው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ተኮሱ። ማሽን አይናደድም፣ አይፈራም፣ ለበቀል አይተኩስም፣ አይደክምም። ወታደር ይሄን ሁሉ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ሕግ የሚሠራው ጎረቤትህም ሲያከብረው ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ፈንጂ የሚከለክለውን ስምምነት አይታችኋል? አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና መጀመሪያውኑ አልገቡም። በ2025 ደግሞ ፊንላንድ፣ ፖላንድና ሦስቱ የባልቲክ አገሮች ለመውጣት ወሰኑ፣ ሩሲያ ስላሰጋቻቸው።

ልጁ ይሥራ። እሱ ቢተወው ነገ ጠዋት ሌላው ይይዘዋል።

የሶርተሩ ሰው (ጅማ)

ጠበቃዋ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። «የተኛ ሰው» የሚለውን እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

ኮድ ጸሐፊው፣ ጥሩ ተከራክረሃል፤ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጥረሃል። መርከቡ ላይ ያለው መትረየስ የሚጠብቀው በፍጥነት የሚመጣ ብረት ነው። ባሕር ላይ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ገበሬ የለም። የኔም ሶርተር የሚሠራልኝ ፊቱ የሚያልፈው ቡና ብቻ ስለሆነ ነው። ሰው እንደዛ አይደለም። ጠዋት የታጠቀው ከሰዓት መሣሪያውን ጥሎ እጁን ያነሳል። ታጣቂነት ቀለም የለውም ካሜራ የሚይዘው።

የፓትሪዮቱ ነገር ግን ለኔ ነው የመሰከረልኝ። «ሰው ቁልፉ ጋ ይኑር» ማለት ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሰውየው ምን ያያል? ስንት ጊዜ አለው? እምቢ ቢል ምን ይደርስበታል? ለአንድ ፎቶ ጥቂት ሰከንድ የሚሰጠው የእህቴ ልጅም እኮ ሰው ነው።

የኛን ቤት ልንገርህ። የጭነት መኪና ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ አለቃ ይመጣና «ትንሽ አላላው እንጂ፣ ብዙ እየጣለ ነው» ይለኛል። በአፍ ነው። ወረቀት የለም። አላላዋለሁ። ቡናው አዲስ አበባ ደርሶ ጥቁር በዝቶበታል ሲባል «ማሽኑ ነው» ይባላል። ማሽኑ ምን አጠፋ? የተባለውን አደረገ።

ስለዚህ ሕጉን የምጽፈው እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስገባው ነገር ይሄ ነው። ቁጥሩን ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደለወጠው ማሽኑ ራሱ ይመዝግብ፣ መዝገቡንም ማንም እንዳይሰርዘው ይደረግ። ምን ዓይነት ፎቶ ተሰጥቶት እንደተማረም እንዲሁ። የሊሙን ቡና የተማረ ማሽን ጅማ ላይ እንዳይለቀቅ ማለት ነው፤ የአንዱን አገር በረሃ የተማረ ድሮን የሌላው ገጠር ላይ እንዳይለቀቅ። ጄኔቫዎቹ ተጠያቂነት ወደ ማሽን አይተላለፍም ሲሉ ያለ መዝገብ በምን ሊይዙት እንዳሰቡ አልገባኝም። ሰው ከሞተ በኋላ ወታደሩ ፕሮግራመሩን፣ ፕሮግራመሩ ድርጅቱን፣ ድርጅቱ ደግሞ «ፎቶውን የለዩት እነ እከሌ ናቸው» ብሎ ቆጪ ድረስ ሊወርድ ነው።

ሌላው ይይዘዋል ያልከውን ግን አልወደድኩትም። በዚህ ሒሳብ ማንም ምንም አይተውም።

መሐንዲስ ክፍል የነበረ

ክርክራችሁን ሳነብ ቆየሁ። እኔ ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ሰሜን ላይ ፈንጂ ሳመክን ነበርኩ። አሁን አጋሮ ነኝ።

ልጄ ኮድ ጸሐፊው፣ «ማሽን አይደክምም» ያልከውን እንደ ጥቅም ቆጠርከው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ፈንጂም አይደክምም። ወታደሩ ምሽጉን ለቅቆ አገሩ ገብቶ ልጅ ወልዶ፣ ፈንጂው እዚያው ሥራ ላይ ነው። እረኛ ይሁን ጠላት አይጠይቅም። የረገጠው ሰው ራሱን በራሱ ዒላማ ያደርጋል። ያለ ሰው የሚወስን መሣሪያ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ለወደፊቱ መጠበቅ የለበትም።

የማምከኑን ሥራ ላላየ ልንገር። በክር በተከለለ ጠባብ መስመር ውስጥ ተንበርክከህ ነው የምትሄደው። መፈለጊያው ጮኸ ማለት ፈንጂ ተገኘ ማለት አይደለም። ሚስማርም ያስጮኸዋል፣ የጥይት ቀለሃም፣ የቆርቆሮ ቁራጭም። አንተ ግን ሁሉንም እንደ ፈንጂ ቆጥረህ ከጎን ቀስ ብለህ አፈሩን ታነሳለህ። ሙሉ ጠዋት ሠርተህ የሰርዲን ቆርቆሮ ታወጣለህ። ማንም «ጊዜ አባከንክ» አይልህም። እዛ ጥርጣሬ ማለት ቁም ማለት ነው። እናንተ በምታወሩት ማሽን ላይ ጥርጣሬ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነው የሚወስነው? ልጁ ዱላ ይሁን ጠመንጃ ሳያውቅ «ዕቃ የያዘ» ብሎ አልፏል። ማሽኑ ጥርጣሬውን አላየውም። ያየው መልሱን ነው።

ስምምነቱ አይሠራም ላልከው ደግሞ፣ የፈንጂውም ክርክር ጄኔቫ ላይ በዚሁ በሙሉ ስምምነት ምክንያት ተቀርቅሮ ነበር። የፈለጉት አገሮች ወጥተው ኦታዋ ላይ በ1997 የራሳቸውን ፈረሙ። ትልልቆቹ አልገቡም፣ እውነት ነው። ኢትዮጵያ በ2004 አጽድቃለች። ዓይን የሚያጠፋው ሌዘር ደግሞ ጦር ሜዳ ላይ ሳይለመድ፣ ገና ከጅምሩ፣ በ1995 ነው የተከለከለው፣ ያውም በዚያው በ1980ው ስምምነት ሥር። አልተቻለም አትበሉ።

የነዚህ ራሳቸው የሚመርጡት መሣሪያዎች ጊዜ ግን እያለፈ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በ2021 ባወጡት የሊቢያ ሪፖርት ላይ ካርጉ-2 የሚባል የቱርክ ድሮን ከአንቀሳቃሹ ጋር ሳይገናኝ ዒላማ እንዲያጠቃ ተደርጎ መዘጋጀቱን ጽፈዋል። በሱ የሞተ ሰው ስለመኖሩ ግን ሪፖርቱ በግልጽ አይናገርም።

ባለ ላፕቶፗ

እኔም ይሄን ሥራ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። እናንተ ጄኔቫ ስትደርሱ እሱ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባል።

ከላይ የተነሳ ፎቶ ሁሉ የጦር መሣሪያ አይደለም። በጎርፍ የተከበበ ሰው ፍለጋ፣ የዱር እንስሳ ጥበቃ፣ የድንበር ቁጥጥር፣ ሁሉም እንዲህ ዓይነት ፎቶ ይጠቀማሉ። ነፍስ አድን ቡድንም «የተኛ ሰው» መፈለጉ አይቀርም፣ እንዲያውም ዋና ሥራው እሱ ነው። «ከባድ ተሽከርካሪ» ከ«ዕቃ የያዘ ሰው» ጋር አብሮ ሲመጣ ግን እኔም እጠረጥራለሁ። አንዱን ፕሮጀክት ሳልጨርስ የተውኩት እንዲህ ዓይነት ዝርዝር አይቼ ነው።

ማድረግ የሚችለው ይሄ ነው። መጀመሪያ መመሪያውን እንደገና ያንብብ፤ «አልታወቀም» ወይም «እለፍ» የሚል ምርጫ ብዙ ጊዜ አለ፣ ከታች ተደብቆ። ካለ ዱላውን እዚያ ያስገባው። ከሌለ እንዲጨመር ይጠይቅ፤ ይሄ የሥራ ጥራት ጥያቄ ስለሆነ ማንም አይቆጣውም። ቀጥሎ በጽሑፍ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ «ይህ ዳታ ሰውን ለመምታት ለሚያገለግል ሲስተም ይውላል ወይ? ከሆነ ወደ ሌላ ፕሮጀክት አዛውሩኝ» ይበላቸው። የደንበኛውን ስም አይጠይቅ፣ አይነግሩትም። የሚሠራበትን ዓላማ ይጠይቅ። ፎቶ አንስቶ ለማንም እንዳይልክ ደግሞ፣ ውሉ ላይ የምስጢር አንቀጽ መኖሩ አይቀርም። እንኳን ለሰው ለአጎቱም ማሳየት አልነበረበትም፣ በነገራችን ላይ።

መልስ ካልሰጡት ሌላ ሥራ እየፈለገ ይቆይ። የእናቱ ኪራይ አለበት። ዛሬውኑ ጥሎ ይውጣ የምትሉ ኪራዩን ትከፍላላችሁ?

የሶርተሩ ሰው (ጅማ)

ባለ ላፕቶፗ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሳሳየው ሳቀ፤ «እለፍ» የሚለው በእርግጥም ከታች አለ፣ ግን ደጋግሞ የነካው ሰው የጥራት ነጥቡ ይቀንሳል አለኝ። ነጥቡ ከወረደ ደግሞ ፎቶ መላክ ያቆማሉ። በሌላ አነጋገር «አላውቅም» ማለት ያስቀጣል። የመሐንዲሱ የሰርዲን ቆርቆሮ ትዝ አለኝ።

ደብዳቤውን ትናንት ማታ አብረን ጻፍን። እንግሊዝኛውን እሱ፣ ቁጣውን እኔ፤ ቁጣውን መልሶ አወጣው። ዓላማውን ብቻ ጠይቋል፣ እንዳልሽው። ኮድ ጸሐፊው በውስጥ መስመር የሌላ ሥራ ሊንክ ልኮለታል፣ የቡና ቅጠል በሽታ የሚለይ ፕሮጀክት ነው፣ ክፍያው ያነሰ። ለዚህስ አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ጠበቃዋ፣ አንድ ነገር ልጨርስብሽ። ውሉ ላይ «ሠራተኛው ዳታው ለምን እንደሚውል የመጠየቅ መብት የለውም» የሚል መስመር አግኝተናል። ውሉ የተጻፈው በሌላ አገር ሕግ ነው ይላል፣ እሱ ግን ሥራውን የሚሠራው ጅማ ተቀምጦ ነው። እንዲህ ያለ መስመር እዚህ አገር ይጸናል?